ዐይኑን የገለጠ ፊት

ከሁሉ በፊት ያየሁት ከጆሮዋ ሥር የተለጠፈችውን አንዲት ሰማያዊ ብልጭልጭ ነበር። ምስር ብታህል ነው። ቫይዴ ዳቦ ቤቱ ወረፋ ላይ ከፊቴ ቆማ፣ ሁለት ዳቦ በብብቷ ይዛ መልሷን ስትጠብቅ፣ የበረዶው ብርሃን በመስኮት ገብቶ እዚያች ቅንጣት ላይ አረፈ። ዕለቱ ረቡዕ ነው። እሷ ሙሽራ የቀባችበት ሠርግ የነበረው ቅዳሜ። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ጆሮዋን እያበሰች፣ አራት ቀን ሙሉ ያቺ ቅንጣት አልወረደችም።

«ቫይዴ፣ ጆሮሽ ሥር ሙሽራ ቀርታብሻለች» አልኳት።

በጣቷ ዳበሰችና ሳቀች። «ተያት፤ እሷም እንደኔ ሥራ ፈላጊ ናት።»

ከዚያ ዳቦውን እያስታቀፈችኝ ከኪሷ ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች አወጣች። ሁለቱም ላይ ከንፈሯን የከፈተች ቆንጆ ሴት ፎቶ አለ። አንዱ ሶፊያ ያለ የሜካፕ ትምህርት ቤት ነው፤ ሌላው ፕሎቭዲቭ ያለ። «አንቺ ከተማ ተምረሽ መጥተሻል» አለችኝ። «የትኛው ነው የሚሻለው?»

ሁለቱንም ሴቶች አየኋቸው። ልዩነታቸው የጥርስ ብቻ መሰለኝ።

ቫይዴ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ያደገችው በአክስቷ በእትዬ ሳብሪዬ እጅ ሥር ነው፤ እትዬ ሳብሪዬ ደግሞ የመንደራችን ሙሽሮች ሁሉ በእጃቸው ያለፉ ሴት ናቸው። እኛ ዘንድ፣ በሮዶፔ ተራራ፣ ሙሽራ ነጭ ሳትቀባ አትወጣም። ትጋደማለች። ዐይኗን ትጨፍናለች። ነጩ ቅባት ሦስት ጊዜ ይደራረብባታል፤ ከዚያ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ወርቃማው ብልጭልጭ በወረንጦ አንድ በአንድ እየተነሣ በጉንጯ፣ በግንባሯ፣ በአገጯ ላይ አበባ ሆኖ ይተከላል። ኢማሙ ዱዓ አድርገው እስኪጨርሱ ዐይኗን አትገልጥም። በኋላ ባሏ ነጩን በወተት ያጥብላታል።

ቫይዴ በአሥራ ሁለት ዓመቷ የብልጭልጩን ሳህን ያዘች። በአሥራ ስድስት አገጭ ተሰጣት። አሁን የእትዬ ሳብሪዬ እጅ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ፊቱን በሙሉ የምትሠራው እሷ ናት፤ አክስቷ አጠገቧ ተቀምጠው ያዝዛሉ። አንዴ ስትሠራ አይቻታለሁ። ከሙሽራዋ ጋር እኩል ትተነፍስ ነበር። ሙሽራዋ ትንፋሿን ስትስብ አበባው ከፍ ይላል፤ የቫይዴ ወረንጦ አብሮ ከፍ ይላል። ያን ቀን ከክፍሉ ወጥቼ በረዶው ላይ ብዙ ቆሜያለሁ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም።

ትምህርት ቤት ያስፈለጋት በስቴፍካ ምክንያት ነው። ስቴፍካ በወረዳው ከተማ የውበት ሳሎን ያላት ሴት ስትሆን፣ የቫይዴን እጅ ባለፈው ዓመት አንድ ሠርግ ላይ አይታ «የምስክር ወረቀት አምጪልኝ፤ የመስኮቱ ወንበር እስከ ፀደይ ይቆይሻል» ብላታለች። አባቷ ፌይም፣ ከጫካ ግንድ የሚያወርደው፣ በመጨረሻ እሺ አለ። እሺታው ግን በልክ ነው። «አንዴ እሺ ብያለሁ። ሁለተኛ እሺ የለኝም። ጀመርኩት፣ አልሆነኝም፣ ሌላ ልሞክር ብትዪ ትምባሆው እዚሁ ይጠብቅሻል።» ሁለቱም ትምህርት ቤቶች በመጪው ሳምንት ሰኞ እስከ ቀትር ድረስ በአካል መጥተሽ ተመዝገቢ ብለዋታል። በሁለት ከተማ በአንድ ቀትር መገኘት የሚችል ሰው የለም።

በዚያው ቀን ሳይመሽ እነ ቫይዴ ምድር ቤት ገባሁ። ሴቶቹ የትምባሆ ቅጠል በየቀለሙ እየለዩ ነው። ወረቀቶቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ጠርዛቸው ቡናማ ሆኗል።

«ሶፊያ አትሂጂ፤ እዚያ ሰው ሰውን አያይም» አለች ጎረቤቷ ሩኪዬ።

«ካልተያዩ ታዲያ ሜካፑ ለማን ነው?» አለች ሌላዋ።

«ለዚህ እኮ ነው ፕሎቭዲቭ ይሻላል የምለው። የባሌ ወንድም እዚያ ጥርስ ተነቅሎ ምንም አላመመውም።»

«ጥርስን ከዚህ ምን አገናኘው?»

«ከተማው ደግ ነው ለማለት ነዋ!»

እትዬ ሳብሪዬ ቅጠላቸውን ሳይለቁ ነገሩን ቆረጡት። «ሁለት ረከዓ ስገጂና አላህን አማክሪ። ከዚያ ተኚ። ያሳይሻል።»

ቫይዴ እንደተባለችው አደረገች። በማግስቱ ሴቶቹ ሁሉ በጠዋት ተሰብስበው ጠበቋት።

«ምን አየሽ?»

«ፍየል» አለች ቫይዴ ዐይኗን እያሸች። «ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቅንድቧን ላስተካክል ስጠጋ ወረንጦዬን በላችብኝ።»

ወዲያው ሩኪዬ፣ «ፍየል ተራራ ነው። ሶፊያ ተራራ ሥር ናት። ይኸው!» አለች።

«ትናንት ሶፊያ አትሂጂ ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ፕሎቭዲቭስ ኮረብታ ላይ አይደለችም?»

«ወረንጦዋን መብላቷስ?»

እትዬ ሳብሪዬ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የተማርሽው፣ ተናገሪ እንጂ! ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትማሪ ከረምሽ?»

«ግጥም፣ እትዬ።»

«እሱንስ ፍየሏም ሳታውቅ አትቀርም» አሉ፤ ምድር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቫይዴ ብቻ አልሳቀችም። ወረቀቶቹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አንዱን ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች፤ ሌላውን ታነሣለች።

«ሄደን እንያቸው» አልኳት።

በዚያው ቀን፣ ሐሙስ፣ ፕሎቭዲቭ ሄድን። ትምህርት ቤቱ በመስታወትና በአምፖል የተሞላ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ የትም ብትዞር ራስህን ታገኛለህ። ኃላፊው አቶ ካመን አንገታቸው ላይ የሐር ሻሽ የጠመጠሙ፣ ሲናገሩ የሰው ክንድ የሚይዙ ሰው ናቸው። ቫይዴ በስልኳ ያሉትን የሙሽሮች ፎቶ ስታሳያቸው መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከዚያ መምህራኑን በሙሉ ጠሩ።

«ኑ፣ ኑ እዩ! እንዲህ ያለ ጉድ እዚሁ አገራችን እያለ እኛ ፓሪስ ፓሪስ እንላለን!» የቫይዴን ክንድ ያዙ። «የኔ እመቤት፣ ምን እናስተምርሻለን? አንቺ ነሽ እንጂ የምታስተምሪን። ሦስት ወር ተቀመጪ፣ ምስክር ወረቀትሽን ውሰጂ። መጋቢት ላይ የመድረክ ትርኢት አለን፤ ከተማሪዎቻችን አንዷን ነጭ ሙሽራ ታደርጊልናለሽ።»

ቫይዴ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «ማንን ነው የምታገባው?» አለች።

«ማን?»

«ልጅቷ።»

አቶ ካመን ሳቁ። «ማንንም። ለመድረክ ነው። ከወደዱልን በሐምሌም ትደግሚላታለሽ።»

«እኛ ዘንድ አንዲት ሴት አንዴ ነው የምትቀባው» አለች ቫይዴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ሁለቴ ብትቀባስ ምን ትሆናለች?»

ቫይዴ ከልቧ አሰበች። «እኔ እንጃ። እስካሁን የተቀባች የለችም።»

ስንወጣ ከአንድ ሱቅ ቦዛ የሚሉትን ጣፋጭ የእህል መጠጥ ገዝተን እየጠጣን በድንጋዩ መንገድ ሄድን። ቫይዴ ክንዴን ጨበጠችው። «ሰማሽው? ምን እናስተምርሻለን አለ!» ዐሥር ርምጃ ያህል ሄደን ቆመች። «ምንም ካላስተማሩኝ ግን ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ቢሆንም እንዴት አድርጎ አሞገሰኝ! በሦስት ወር የስቴፍካ ወንበር ላይ ነኝ ማለት ነው።» ከዚያ፣ «መድረኩስ?» የቦዛዋን ብርጭቆ ጠጥታ ሳትጨርስ ግንብ ላይ ረስታው ሄደች።

የሶፊያው ዓርብ ነበር። ከጫማ ጠጋኝ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ደረጃው ማጣበቂያ ማጣበቂያ የሚሸት ቤት ነው። መምህሯ ወይዘሮ ዝላትካ ጠጅ ሳር የመሰሉ ቀጭን ሴት ናቸው። ቫይዴ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፣ «ይህቺ ራሷ እንኳ አልተቀባችም» አለችኝ።

ወይዘሮ ዝላትካ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ስልኩን መለሱላትና ዶራ የምትባል ተማሪያቸውን ወንበር ላይ አስቀመጡ። «ዶራ ሥራ ልትሄድ ነው። ተራ ቀን ነው፣ ማክሰኞ እንበል። አርባ ደቂቃ አለሽ።»

ቫይዴ እጇን ታጠበች። ከዚያ በዚያ ሁሉ የማታውቀው ብሩሽና ቀለም መካከል ቆማ፣ ለዓመታት ስትለው የኖረችውን አለች። «ዐይንሽን ጨፍኚ፣ እህቴ።»

ዶራ ጨፈነች። ወዲያው የቫይዴ ትከሻ ወረደ፣ ፊቷ ተፍታታ፣ ከዶራ ጋር እኩል መተንፈስ ጀመረች። ነጭ አልቀባችም፤ የቆዳ ቀለም ነው የመረጠችው። እጇ ግን የሚያውቀውን መንገድ ሄደ። አንዴ ደረበች፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በዶራ ዐይን ቆብ ላይ፣ እስከ ሽፋሽፍቱ ሥር፣ ስንጥቅ የተባለን ሁሉ ደፈነች። ተማሪዎቹ ሥራቸውን ትተው ከበቧት። ሲያልቅ የዶራ ፊት የታጠበ እንቁላል መሰለ። እኔ ለራሴ እንዲህ ያለ ያማረ ነገር አላየሁም ብዬ ነበር።

«ጨረስሽ?» አሉ ወይዘሮ ዝላትካ።

«ጨረስኩ።»

«ዶራ፣ ግለጪ።»

ዶራ ለመግለጥ ሞከረች። ግራ ዐይኗ እንቢ አለ፤ ቅባቱ የላይና የታች ሽፋሽፍቷን አጣብቆት ነበር። ቀኙ ሲከፈት ቆቡ ላይ የነበረው ሁሉ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ፍርፋሪው ጉንጯ ላይ ረገፈ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ዋጠ። ዶራ አንድ ዐይኗ እያነባ፣ «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» ትላለች። ቫይዴ ግን ፍርፋሪውን አላየችም። ወደ ኋላ ሁለት ርምጃ ሸሽታ ከጠረጴዛ ጋር ተጋጨች። ልጅቷ እያየቻት ነበራ።

«ስንት ፊት ሠርተሻል?» አሉ ወይዘሮ ዝላትካ።

«ከመቶ በላይ።»

«ከነሱ ውስጥ እጅሽ ላይ እያለ ዐይኑን የገለጠ ስንት ነው?»

ቫይዴ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። እውነት ልትቆጥር ነው። ሠርግ በሠርግ፣ ዓመት በዓመት ስትመለስ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። «አንድም» አለች።

እኔም እዚያ መንደር ተወልጄ አድጌ፣ ይህን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

«እጅሽ ጥሩ ነው። እጅሽን አልነካውም» አሉ ወይዘሮ ዝላትካ። «የምትቀመጪው ግን ከጀማሪዎቹ ጋር ነው፤ አንድ ዓመት። የመጀመሪያው ሦስት ወር ዐይን ብቻ። ከጨረስሽ በኋላ ብልጭልጭሽን እንነጋገርበታለን።»

«አልቀበልሽም ማለትዎ ነው?»

«ሰኞ እስከ ቀትር ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ ማለቴ ነው። ምኑ ነው ያልገባሽ?»

«ሁሉም» አለች ቫይዴ።

ወደ ቤት ስንመለስ የአውቶቡሱ መስኮት በትንፋሽ ደፍርሷል። «አንዱ ሁሉንም ታውቂያለሽ ይለኛል። አንዷ ምንም አታውቂም ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሁለቱንም አመንኳቸው» አለችኝ። አንድ ዓመት ከሄደች የስቴፍካ ወንበር ይሄዳል። የበረዶውን ወራት ሙሽሮች ማን እንደሚቀባም አይታወቅም። እኔ ቢያንስ የመድረኩ ነገር ፕሎቭዲቭን ያስጥላታል ብዬ ስጽናና ስልኳ ጮኸ። አቶ ካመን ናቸው። «መድረኩ ካሳሰበሽ ይቅር! ብቻ ነይልን» አሉ። ስልኩን ዘግታ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደገፈች። «ይኸው፣ ምክንያቴንም ወሰደብኝ።»

ቅዳሜ የጀሚሌ ሠርግ ነበር። ጀሚሌ የሩኪዬ ልጅ ናት። እኔም ሴቶቹ ክፍል ገብቼ ጥግ ያዝኩ። ጀሚሌ ተጋድማ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ፊቷ እስከ ግማሽ ነጭ ሆኗል። ቫይዴ ቀይ ቅንጣት በወረንጦ እንዳነሣች እጇ አየር ላይ ቀረ።

«እትዬ፣ ስትገልጥ ምን ትመስላለች?»

«ማን?» አሉ እትዬ ሳብሪዬ።

«ሙሽራዋ። ዐይኗን ስትገልጥ።»

«እሱ የባሏና የወተቱ ጉዳይ ነው። የእኛ ሥራ በር ላይ ያልቃል።»

«እኔ እየሰማሁ ነው እኮ» አለች ጀሚሌ ከነጩ ሥር፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ዝም በይ አንቺ! አገጭሽን ልትሰነጥቂው ነው!»

ቅንጣቷ ከወረንጦው አመለጠችና ምንጣፉ ላይ ወደቀች። ቫይዴ ወረንጦ ይዛ ስትጥል ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ሙሽራዋ ግቢ ስትወጣ ከበሮውና ዙርና የሚሉት መለከት አገሩን ሞላው። ቀቢዎች እንደ ልማዳቸው ወደ ወጥ ቤት ይገባሉ፤ የድንች ቂጣውም እዚያ ነው። ቫይዴ ግን አልገባችም። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ከፊት ሄዳ ቆመች። ኢማሙ ዱዓቸውን ጨረሱ። ጀሚሌ ዐይኗን ገለጠች፣ ባሏን አየች፣ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ፣ እናቷ አለቀሰች። ቫይዴ ወደ እኔ ዞረች።

«አየሽው?»

«ምኑን?»

«የዐይኗ ቆብ ላይ። ግራው። ተሰነጠቀ፣ ፍርፋሪው ወደቀ።»

«ማንም አላየውም፣ ቫይዴ። እኔም አላየሁትም።»

«ሁሌም እንዲህ ነበር ማለት ነው? ያን ሁሉ ዓመት? እኔ ወጥ ቤት ድንች እየበላሁ?»

እሑድ ቤታቸው ከምድር ቤት እስከ ሰገነት ክርክር ሆነ። እትዬ ሳብሪዬ የሚንቀጠቀጡ እጆቻቸውን ዘርግተው አሳዩዋት። «እነዚህን እያየሽ አንድ ዓመት ትሄጃለሽ?» ከዚያ ደግሞ፣ «ሂጂ። የስንጥቁን ነገር ካነሣሽብኝ ጀምሮ እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ» አሏት። አባቷ ኮቱን ለብሶ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ። «የትኛው ነው እሺ?» አላት። «አላውቅም፣ አባ» አለችው። «ነገ ጠዋት አውቶቡሱ ‹አላውቅም› አይቀበልም» ብሎ ወደ ጫካው ሄደ።

ሰኞ ጠዋት በወረዳው ከተማ መናኸሪያ ሁለት ሚኒባሶች ጎን ለጎን ቆመዋል። በረዶው ቀልጦ ጭቃ ሆኗል። ቫይዴ በትከሻዋ ቦርሳ፣ በእጇ ሁለቱን ወረቀቶች ይዛለች።

«ፕሎቭዲቭ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል አንዱ ሾፌር።

«ሶፊያ! ሶፊያ! እኅት፣ የሄድሽ መስሎሽ ቆመሻል እኮ!» ይላል ሌላው።

እሷ ግን መናኸሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ከቦርሳዋ ጥቁር የኩል እርሳስ አወጣች። «አትንቀሳቀሺ» አለች። እኔም ከልጅነቴ እንዳየሁት ዐይኔን ጨፈንኩ።

«አትጨፍኚ!»

«አልጨፈንኩም።»

«ጨፍነሻል።»

ገለጥኩ። ፊቷ እፊቴ ነው። እርሳሱ ሲጠጋ እጇ፣ ያ በሙሽራ ትንፋሽ ልክ የሚንሳፈፈው እጅ፣ ተንቀጠቀጠ።

«እያየሁሽ ነው እኮ» አልኳት።

«እሱ ነው ችግሩ። ስታዪኝ እጄ ይሸሻል።»

መስመሩ ከዐይኔ ጥግ ተነሥቶ ወደ ጆሮዬ ነጎደ። ወደ ኋላ ቆማ አየችኝና አፏን ይዛ ሳቀች። «ቀበሮ አስመሰልኩሽ።» ሳቋ ሳያልቅ የፕሎቭዲቩን ወረቀት እጄ ላይ አኖረችው። «ለስቴፍካ ንገሪልኝ። ወንበሩን ለሌላ ሰው ትስጥ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ኧረ እኔ! ምኑ ነው እርግጡ?» አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «የፕሎቭዲቩ ሰውዬ ዐይን ምን ዓይነት ነበር?»

ለማስታወስ ሞከርኩ። መነጽሩና ሻሹ ብቻ መጡልኝ።

«እኔም ጠፍቶኛል» አለች። «የዶራ ቡናማ ነው። ቀኙ ላይ፣ ከታች በኩል፣ አንዲት አረንጓዴ ጠብታ አለች። ለምን እንዳስታወስኳት አልገባኝም። ወላሂ አልገባኝም።»

የሶፊያው ሾፌር ጥሩንባውን ነፋ። ቫይዴ ሳመችኝ፤ ቦርሳዋን አስተካክላ ጭቃውን መሻገር ጀመረች። በሁለቱ ሚኒባሶች መካከል ስትደርስ ቆመች። ልትዞር ነው ብዬ ወረቀቱን ከፍ አደረግሁ። የጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቶ ነው፤ ጎንበስ ብላ አሰረችው። ከዚያ ተነሥታ፣ በሁለት አሮጊቶችና በአንድ ከረጢት ጎመን መካከል እየተጋፋች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ የሶፊያው ሚኒባስ ውስጥ ገባች።